የሦስተኛ ወገን አፑ ውሉን ቀየረ፦ እናውጣው ወይስ እንታገስ? ማሳወቂያውስ በምን ይተካ?

አራብሳ_ብሎክ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:50

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት አመሻችሁ።

ፎረሙ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ነው። ሶፍትዌሩ ፒኤችፒቢቢ 3.3፣ ሰርቨሩ ሼርድ ሆስቲንግ (ከሌሎች ሳይቶች ጋር የምንጋራው)፣ 640 አባል። ግማሽ ያህሉ የሚገቡት በብሮውዘር ሳይሆን በአንድ የሦስተኛ ወገን አፕ ነው። ስሙ ይቅር። አፑ ሰሞኑን አዲስ ውል ልኳል። በፖስቶች መካከል ማስታወቂያ ይገባል፤ ነጻ ማሳወቂያ ይገደብና ከዚያ በላይ የፈለገ ፎረም በወር በዶላር ይከፍላል፤ አባላት የሚጽፉት ደግሞ «ለአገልግሎት ማሻሻያ» ይውላል። ከ30 ቀን በኋላ መጠቀም የቀጠለ ሁሉ እንደተስማማ ይቆጠራል ይላል።

እኛ ጋ ማሳወቂያ ጌጥ አይደለም። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። «ከብሎክ 40 እስከ 58 ተለቋል» የሚለው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ከደረሰ ጀሪካኑ ባዶውን አደረ ማለት ነው። አፑን ላውጣው ብል ማሳወቂያውን በምን ልተካው? ልታገስ ብል ደግሞ ምን ልጠብቅ?

---

ሰርቨር_ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:25

ውሉን ለጊዜው አስቀምጠውና አክሰስ ሎጉን (ሰርቨሩ ማን መቼ እንደጠራው የሚመዘግብበትን ፋይል) ክፈት። የሆስቲንግህ መቆጣጠሪያ ሲፓነል ከሆነ ከዚያው ታወርደዋለህ። የሰባት ቀን ይበቃል። የምታየው ሁለት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የአፑ ፕለጊን ፋይል በስንት የተለያየ አባል እንደተጠራ። የጥሪውን ብዛት አትቁጠር፤ አፑ ማንም ሳይከፍተው «አዲስ ፖስት አለ?» እያለ በራሱ ስለሚመላለስ አንድ ሰው በቀን መቶ ሰው ይመስላል። «ግማሹ» ያልከው ዝቅ ብሎ ቢገኝ አይገርመኝም።

ሁለተኛ፣ ጥሪዎቹ ከየትኛው አይፒ (የኢንተርኔት አድራሻ) እንደሚመጡ። ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም አይፒዎች ከሆነ ስልኩ በቀጥታ ያንተን ሰርቨር እያነጋገረ ነው። ሁሉም ከሁለት ሦስት የውጭ አገር አይፒ ከመጡ ግን በኩባንያው ሰርቨር በኩል ነው የሚያልፉት። የአባላትህ ፓስዎርድና የግል መልእክት በሰው ማሽን ያልፋል ማለት ነው፤ ያኔ ውሉ ምንም ቢል ውሳኔህ ይቀላል።

በነገራችን ላይ፣ ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ አንድ አስቸጋሪ አባል በአይፒ ስታግድ የአፑን ተጠቃሚ በሙሉ ታግዳለህ። በሞባይል ዳታ የሚገባውንም ቢሆን በአይፒ ማገድ አይመከርም፤ ብዙ ስልክ አንድ አይፒ ይጋራል። በአካውንት አግድ።

---

አንጋፋው_አድሚን · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ውሉን እኔ ላንሳው፤ ሰው ሁሉ «እስማማለሁ»ን ይጫንና በኋላ ይጨቃጨቃል።

ማስታወቂያው ዓይን ይስባል እንጂ ዋናው እሱ አይደለም። መጀመሪያ የምታነበው «ፈቃድ» የሚለውን አንቀጽ ነው። አባል የጻፈውን ለማሳየት ፈቃድ መጠየቅ ያለ ነገር ነው፤ ያለዚያ አፑ ፖስቱን ስክሪን ላይ ሊያወጣው አይችልም። «የማይሻር»፣ «ለሌላ ወገን የሚተላለፍ» የሚሉ ቃላት ሲጨመሩበት ግን ሌላ ነገር ሆነ። አንተ የአባላትህን ጽሑፍ ለሌላ አሳልፈህ ለመስጠት ከአባላቱ ፈቃድ አግኝተሃል? የፎረምህ ደንብ ላይ ያ ካልተጻፈ፣ ያልያዝከውን መብት ነው የፈረምክላቸው።

ቀጥሎ የመውጫውን አንቀጽ ፈልግ። ስትወጣ ኮፒው ይሰረዛል ወይ? በስንት ቀን? በአፑ በኩል የተመዘገበ አባል ኢሜይሉ ያለው አንተ ጋ ነው ወይስ እነሱ ጋ? ይህ አንቀጽ ከሌለ መውጫ የሌለው ቤት ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡ ነው። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን በዶላር የተጻፈ ወርኃዊ ክፍያ በብር ስንት እንደሚሆን ለማኅበሩ ጉባኤ አስቀድመህ ልትነግር አትችልም። ጉባኤው ደግሞ በጀት የሚያጸድቀው በዓመት አንዴ ነው።

አገር ውስጥም ሕግ አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የነዋሪ ስም፣ ስልክና የቤት ቁጥር የያዘ ፎረም «እኛ ትንንሾች ነን» ብሎ አያመልጥም። የቤት ቁጥር የሚሞላበትን የፕሮፋይል ቦታ ዛሬውኑ ከአፑ ሰውር፤ ፒኤችፒቢቢ ላይ ለራሱ ለአባሉ፣ ለአድሚንና ለሞደሬተር ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል።

«ውል ይቀየራል እንዴ?» ለሚል፦ የፎቶ ማስቀመጫው ሳይት ፎቶባኬት እ.ኤ.አ. በ2017 ፎቶን ሌላ ሳይት ላይ ማሳየት በዓመት ወደ 400 ዶላር ሲያደርገው የዓለም ፎረሞች የዓመታት ፎቶ በአንድ ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆነ። የውይይት ሳይቱ ሬዲት እ.ኤ.አ. በ2023 ለሦስተኛ ወገን አፖች የኤፒአይ ጥሪን (አፑ ከሳይቱ መረጃ የሚጠይቅበትን) ለየ1,000ው ጥሪ 0.24 ዶላር ሲያደርግ አፖሎ የሚባለው አፕ ጁን 30 ተዘጋ። አንዱ የፎረሙን ባለቤት ጎዳ፣ ሌላው የአፑን ባለቤት። በሁለቱም መሃል ላይ የቀረው አባሉ ነው።

---

ሱሉልታ_ወተት · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

> ማሳወቂያውን በምን ልተካው?

ይኼ ሁሉ ምን ያስፈልጋል? ቴሌግራም ቻናል ክፈትና ጨርስ። የወተት አቅራቢዎቹ ፎረም ላይ ይኸው ነው የሚሠራው፤ ሁሉም ሰው ስልኩ ላይ አለው፣ ማስጫንም ማስተማርም የለም።

---

የአባዶዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ወንድሜ፣ ቻናሉ ጥሩ ነው፤ ብቻውን ከሆነ ነው ችግሩ። ከየካቲት 2015 ጀምሮ ቴሌግራም ያለ ቪፒኤን ለወራት አልከፈት ብሎ እንደነበር አትርሳ። ሁለተኛ፣ ስንቱ ሰው ነው ግሩፑን ሚዩት ያላደረገ? የሰርግ ግሩፕ፣ የዕድር ግሩፕ፣ የክፍል ተማሪዎች ግሩፕ... የውሃው መልእክት እዚያ መሃል ይሰጥማል።

ለሁለተኛ መንገድነት ግን ግሩም ነው፣ ሥራውም የግማሽ ሰዓት ነው። ቦትፋዘር በሚባለው የቴሌግራም የራሱ ቦት አዲስ ቦት ትፈጥራለህ፣ ቶክኑን (የቦቱን ምስጢራዊ ቁልፍ) ትቀበላለህ፣ ቦቱን የቻናሉ አድሚን አድርገህ የመለጠፍ መብት ብቻ ትሰጠዋለህ። ከዚያ ፎረሙ ላይ «አስቸኳይ» ክፍል ውስጥ አዲስ ርዕስ ሲከፈት ርዕሱንና ሊንኩን ቦቱ ወደ ቻናሉ ይልካል። ሙሉውን ጽሑፍ አይልክም፤ ሰው ለውይይቱ ወደ ፎረሙ ይምጣ። ቻናል ሳይሆን ግሩፕ ከሆነ ቦት ለአንድ ግሩፕ በደቂቃ ከ20 መልእክት በላይ መላክ አይችልም። ቶክኑን ደግሞ እርዳታ ስትጠይቁ ስክሪንሾት ውስጥ እንዳትለቁት፤ ያገኘው ሰው በእናንተ ስም ይለጥፋል። ካመለጠ ቦትፋዘር ላይ ሰርዛችሁ አዲስ ውሰዱ።

---

ሰርቨር_ጠባቂ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:50

አሁን ወደ ዋናው። አፑን የሚተካው በራስህ ዶሜይን የሚላክ የብሮውዘር ማሳወቂያ ነው። ለ3.3 የፒኤችፒቢቢ ቡድን ራሱ ያወጣው ኤክስቴንሽን አለ። ሌላውን የፎረም ሶፍትዌር፣ ዜንፎሮን የምትጠቀሙ ከ2.1 ጀምሮ ውስጡ አለላችሁ፣ ሴቲንግ ውስጥ ማብራት ነው።

ከመጫንህ በፊት ሳይቱ በኤችቲቲፒኤስ መሥራቱን አረጋግጥ፤ ያለዚያ ሰርቪስ ወርከር የሚባለው፣ ብሮውዘሩ ውስጥ ማሳወቂያውን የሚቀበለው ስክሪፕት፣ አይነሳም። ለኤችቲቲፒኤስ የሚያስፈልገው የሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ ሰርተፊኬት 90 ቀን ነው የሚቆየው፤ በራሱ መታደሱን ተመልከት። በየሦስት ወሩ «ማሳወቂያው ቆመ» የሚል ጩኸት ከተሰማ መንስኤው ብዙ ጊዜ ይኼ ነው። አድራሻህም አንድ ይሁን፤ ከፊቱ ሦስት ደብልዩ ያለውና የሌለው ለብሮውዘሩ ሁለት የተለያየ ሳይት ነው። አንዱን ወደ ሌላው በቋሚነት አዙር፣ ከዚያ ነው ምዝገባ የሚጀመረው። በኋላ ብትቀይር የተመዘገበው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል።

ሆስቲንጉ ላይ ከርል፣ ኦፕንኤስኤስኤል፣ ኤምቢስትሪንግ፣ ብዙ ጊዜም ጂኤምፒ የሚባሉት የፒኤችፒ ክፍሎች መብራት አለባቸው። ሼርድ ሆስቲንግ ላይ የሚጎድለው ጂኤምፒ ነው፤ በፒኤችፒ መምረጫው ውስጥ ምልክት ማድረግ ነው፣ ከሌለ ለድጋፍ ክፍሉ ጻፍ።

ኤክስቴንሽኑን ኤክስት ፎልደር ውስጥ ትሰቅላለህ፣ ከአድሚን ፓነሉ ታበራዋለህ፣ ከዚያ ቫፒድ የሚባለውን የቁልፍ ጥንድ ታመነጫለህ። አንዱ ይፋዊ፣ ሌላው ምስጢር ነው። ሁለቱንም ገልብጠህ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጥ። ሰው የዳታቤዝ ባካፕ ይይዝና ይህን ይረሳዋል፤ ቁልፉ ሲጠፋ ወይም አንድ ሰው «አመንጭ»ን ደግሞ ሲጫን የ640 ሰው ምዝገባ በአንድ ክሊክ ይሞታል።

መልእክት ስትልክ ከፑሽ ሰርቨሩ (ማሳወቂያውን ወደ ስልኩ ከሚያደርሰው የብሮውዘሩ ኩባንያ ሰርቨር) የሚመጣውን መልስ ሎግ ላይ እይ። 201 ማለት ተቀብሏል። 404 ወይም 410 ማለት ያ ምዝገባ የለም፤ ከዳታቤዝ ሰርዘው፣ ደጋግመህ አትላክ። 401 ወይም 403 ከመጣ ቁልፉን፣ ቀጥሎም የሰርቨሩን ሰዓት ተመልከት። እያንዳንዱ ጥያቄ ማብቂያ ሰዓት ያለው ፊርማ ይዞ ይሄዳል፣ ማብቂያው ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። የሰርቨርህ ሰዓት ከሄደ ፊርማው ጊዜው ያለፈበት ወይም ገና ያልደረሰ ይመስላል።

ሌላው፣ መላኩን ፖስት የተደረገበት ገጽ ላይ አታሠራው። ለ600 ሰው አንድ በአንድ ሲላክ ገጹ ይንጠለጠልና ለጣፊው «አልሄደም» ብሎ ሦስት ጊዜ ይለጥፈዋል። በወረፋ ይግባ፣ ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳው የሰርቨሩ መሣሪያ) በየደቂቃው እየመጣ ያውጣው።

---

አራብሳ_ብሎክ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

ሎጉን አየሁት። በሰባት ቀን በአፑ የገቡት የተለያዩ አባላት 211 ናቸው፤ ግማሽ አይደሉም ማለት ነው። አይፒዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ሁለቱም ውጭ አገር።

ይወጣል እንግዲህ። የውሃው መልእክት እንዳይዘገይ ግን ምን ላድርግ? ስልኩ ጠፍቶ ለነበረ ሰውስ?

---

ሰርቨር_ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:00

ሦስት ነገር ከመልእክቱ ጋር ይላካል፤ ዝግጁ ኤክስቴንሽኖች ላይጠይቁህ ስለሚችሉ ለውሃው ብቻ ትንሽ ስክሪፕት ለይተህ ጻፍ።

ቲቲኤል፦ ስልኩ ካልተገኘ መልእክቱ ስንት ሰከንድ ይጠብቅ የሚለው ነው። በፒኤችፒ በብዛት የሚሠራበት ላይብረሪ ነባሪ ቁጥሩ 2,419,200 ሰከንድ ነው፣ አራት ሳምንት። መብራት ጠፍቶ፣ ባትሪ አልቆ፣ ስልኩ በሦስተኛው ቀን ሲከፈት የቅዳሜው ውሃ ማክሰኞ ይደርሰዋል። ለስድስት ሰዓት ፈረቃ 21,600 አድርገው። ለጉባኤ ጥሪ ሁለት ሦስት ቀን ይሁን።

ቶፒክ፦ ተመሳሳይ ስም ይዞ የመጣ አዲስ መልእክት ገና ያልደረሰውን አሮጌ ይተካዋል። «ተለቋል»፣ «ተቋርጧል»፣ «ደግሞ ተለቋል» ሦስቱም በአንድ ቶፒክ ከሄዱ ስልኩ ሲከፈት የመጨረሻውን ብቻ ያያል። ስሙ ከ32 ፊደልና ቁጥር አይበልጥም፣ በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚጻፈው።

አጣዳፊነት፦ ለውሃና ለእሳት አደጋ ከፍተኛ፣ ለተራ ምላሽ ዝቅተኛ። ስክሪኑ ጠፍቶ ጠረጴዛ ላይ ያረፈ አንድሮይድ ተራውን መልእክት አጠራቅሞ ነው የሚያመጣው። ሁሉን ከፍተኛ ካደረግህ ግን ባትሪው ሲያልቅበት ሰውየው ማሳወቂያውን ከነጭራሹ ይዘጋዋል።

---

የአባዶዋ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:20

የሰርቨሩ ጎን እንዲህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቀረው ግን ስልኩ ጋ ነው። የሚመጡላችሁ አቤቱታዎች እነዚህ ናቸው፦

«የደወሉ ምልክት አይታየኝም።» ማሳወቂያውን የሚያበራው ምልክት ነው። መጀመሪያ የምትጠይቁት በምን እንደከፈተው ነው። ኦፔራ ሚኒ ይህን ማሳወቂያ አይቀበልም፤ ዳታ ይቆጥባል ተብሎ ደግሞ ብዙ ሰው እሱን ነው የሚጠቀመው። ሌላው ከቴሌግራም ሊንክ ተጭኖ የመጣ ሰው ነው። ቴሌግራም ገጹን በራሱ ውስጥ ይከፍተዋል፣ እዚያ ውስጥ ምዝገባ አይሠራም። ከላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች በክሮም ክፈት ማለት አለበት። ይህን አንድ መስመር የቻናሉ ፒን ላይ ካልጻፋችሁት በየቀኑ ትመልሱታላችሁ።

«አይፎን ነው ያለኝ።» አይኦኤስ 16.4 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። በሳፋሪ ከፍቶ፣ የማጋሪያውን ምልክት ተጭኖ ወደ መነሻ ስክሪን ይጨምረዋል፤ ከዚያ ከአዶው ነው የሚከፍተው። ደወሉን የሚጫነው እዚያ ውስጥ ነው፣ ሳፋሪ ውስጥ ቢፈልገው አያገኘውም። ከእናንተ በኩል የማኒፌስት ፋይሉ (ሳይቱ እንደ አፕ እንዴት እንደሚከፈት የሚናገረው) «ስታንድአሎን» ካላለ አዶው ተራ ሊንክ ሆኖ ይቀራል።

«በፊት ይመጣልኝ ነበር፣ አሁን ቆመ።» ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ላይ ካለው የማጽጃ አፕ ጀምሩ፤ ክሮምን ከሚዘጉት ዝርዝር ያውጡት። በሴቲንግ ውስጥ ክሮምን በግድ ያስቆመ ሰው ደግሞ እንደገና እስኪከፍተው ምንም አይደርሰውም። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ላይ ክሮም ራሱ የማሳወቂያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ለሳይቱ ፈቅዶ ለክሮም የከለከለ ሰው አለ።

ትልቁ ስህተት ግን የእኛ የአድሚኖቹ ነው። ገጹ እንደተከፈተ «ፍቀድ» ብሎ መጠየቅ! ሰው ሳያነበው «አግድ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሳይቱ ደግሞ መጠየቅ አይችልም፤ በአድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ተጭኖ ራሱ ማስተካከል አለበት። ከልካዩ ሲበዛ ክሮም ጥያቄውን ለሁሉም ያደበዝዘዋል። የራሳችሁን አዝራር አድርጉ፤ «ውሃ ሲለቀቅ ንገረኝ» ይበል፤ ሰውየው ሲጫነው ብቻ ነው የብሮውዘሩ ጥያቄ የሚመጣው። «ማሳወቂያዎችን አንቃ» ከሚል ጽሑፍ ይልቅ «ውሃ» የሚለውን ሰው ይጫናል።

---

ሱሉልታ_ወተት · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:30

እሺ ተሸነፍኩ፣ ሞከርኩት። ግን አንዳንዱ ማሳወቂያ ባዶ ሆኖ ይመጣል፣ አንዳንዱ ጫፉ ላይ ጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ አለው። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ይሠራል። ምንድነው?

---

ሰርቨር_ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7:10

የፊደላችን ነው። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ በሚቀመጥበት ኮድ) ሦስት ባይት ይይዛል፣ ባዶ ቦታ አንድ። ፕለጊኑ ጽሑፉን ሲያሳጥር በፊደል ሳይሆን በባይት እየቆረጠ ነው። «የውሃ ፈረቃ» የሚለውን በ15 ባይት ቁረጠው እስቲ፦ «የውሃ» 9፣ ክፍተቱ 1፣ «ፈ» 3፣ ድምሩ 13። የቀሩት 2 ባይቶች የ«ረ» ሁለት ሦስተኛ ናቸው፤ ዳይመንዱ እሱ ነው። ባዶ የሚመጣው ደግሞ ይኸው የተሰበረ ጽሑፍ ወደ ጄሰን (መልእክቱ ተጠቅልሎ ወደሚላክበት ቅርጽ) ሲቀየር ፒኤችፒ እምቢ ብሎ ባዶ ስለሚመልስ ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ፊደል አንድ ባይት ስለሆነ ችግሩ አይታይም፤ የፕለጊኑ ሠሪ ያላየውም ለዚህ ነው።

ፋይሉ ውስጥ ሰብስትር የሚለውን ፈልግና በኤምቢ ሰብስትር ተካው፣ ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8 በል። እግረ መንገድህን ጄሰኑ ላይ ዩኒኮድን እንዳይለውጥ የሚያደርገውን አማራጭ ጨምር፤ ያለሱ እያንዳንዱ ፊደል በስድስት ባይት ነው የሚጻፈው። የአንድ ማሳወቂያ ጣሪያ 4,096 ባይት ነው፣ ከምስጠራው ትርፍ በኋላ ለጽሑፍ 3,993 ይቀርሃል። በሦስት ባይት 1,300 ፊደል ገደማ፣ በስድስት ባይት 660። ለማንኛውም ስክሪኑ ላይ የሚነበበው የመጀመሪያው አርባ ፊደል ነው፤ ዋናው ነገር እዚያ ይግባ።

---

ገላን_ጎማ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12:45

የራሳችንን አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ ብናወጣስ? የከባድ መኪና ዕቃ ፎረም ነው ያለን፣ ሾፌር «አፕ የለውም ወይ?» ነው የሚለው።

---

ሰርቨር_ጠባቂ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

ይቻላል። ሳይቱ ከላይ የተነገረውን ካሟላ በኋላ ትረስትድ ዌብ አክቲቪቲ በሚባለው መንገድ ያው ሳይት አፕ ሆኖ ይወጣል፣ ባብልራፕ የሚባል መሣሪያ ይጠቀልለዋል። የፕሌይ ስቶር አካውንት ምዝገባው አንድ ጊዜ 25 ዶላር ነው። አፕል በዓመት 99 ዶላር ነው፣ ሳይት ብቻ የጠቀለለ አፕንም «የራሱ የሆነ ነገር የለውም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል፤ አይፎኑን በመነሻ ስክሪን መንገድ ተዉት።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 13፣ 2023 በኋላ የተከፈተ የግል አካውንት ከሆነ ከመውጣቱ በፊት 12 ሞካሪ ለ14 ተከታታይ ቀን ያስፈልገዋል። ሾፌሮቹን ሰብስባቸው፣ ግን ሙከራውን አቋርጦ የሚወጣ ስለማይጠፋ 15 ያህል ያዝ። አባላት የሚጽፉበት አፕ ስለሆነ መጠቆሚያና ማገጃ አዝራር፣ አካውንት የማጥፊያ መንገድም ይጠየቃል። በየዓመቱም አዲሱን የአንድሮይድ እትም ዒላማ አድርጎ ማደስ አለ፤ ትቶ መሄድ የለም።

ሁሉም የሚወድቅበት ቦታ፦ አፑ ተከፍቶ ከላይ የአድራሻ መስመር ከታየ ሳይቱ ላይ ያለው የአሴት ሊንክስ ፋይል (ሳይቱና አፑ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጠው) ውስጥ የገባው የመፈረሚያ ቁልፍ አሻራ የተሳሳተ ነው። ሰው በኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ቁልፍ አሻራ ያስገባል፤ ጉግል ግን አፑን በራሱ ቁልፍ ነው ደግሞ የሚፈርመው። አሻራውን ከፕሌይ ኮንሶል፣ አፕ ሳይኒንግ ከሚለው ውሰድ። ሁለቱንም ብታስገባ ይሻላል።

---

አንጋፋው_አድሚን · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:15

አራብሳ፣ አወጣጡን በቅደም ተከተል አድርገው። ሰው ፕለጊኑን አጥፍቶ ነው ባካፕ የሚያስበው።

መጀመሪያ ዳታቤዙንና የተያያዙ ፋይሎችን ፎልደር አውርድ። ቀጥሎ የአባላትን ኢሜይል ዝርዝር አውጣና በአፑ በኩል የተመዘገቡትን ለይ፤ ብዙ ጊዜ የአፑ ዶሜይን ያለበት ወይም የማይሠራ ኢሜይል ነው ያላቸው። እነዚህ ሰዎች አፑ ሲጠፋ ፓስዎርድ መልሰው ማግኘት አይችሉም። ስለዚህ ሳታጠፋው በፊት ለእነሱ ብቻ የግል መልእክት ላክ፣ እውነተኛ ኢሜይል እንዲያስገቡ። ለዚህ ሁለት ሳምንት ስጥ። 30 ቀን አለህ፣ ይበቃል።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ አዲሱን ማሳወቂያ ጎን ለጎን አስኪደው። ከዚያ ፕለጊኑን ከአድሚን ፓነሉ አጥፋ፣ «ዳታ ሰርዝ» በል፣ ፎልደሩን ከሰርቨሩ አንሳ። «በአፑ ክፈት» የሚለው ባነር ቴምፕሌቱ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ አውጣውና ካሹን አጽዳ። የአፑ ሰርቨር ለሳምንታት በሩን ማንኳኳቱ አይቀርም፤ ለዚያ አድራሻ 410 መልስ፣ 404 ከሆነ ደጋግሞ ሊሞክር ይችላል።

አይፒዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው ስላልክ የመጨረሻው ግዴታ ነው፦ የሁሉንም አባል ፓስዎርድ አስቀይር። አድሚን ፓነሉ ላይ «ፓስዎርድ በየስንት ቀኑ ይቀየር» የሚለውን ገደብ አስገብተህ ሥራው ሲያልቅ ወደ ዜሮ መልሰው፣ ያለዚያ ሰውን በየወሩ ታስጨንቃለህ። ለኩባንያውም ኮፒው እንዲሰረዝ በኢሜይል ጻፍ፣ የላክበትን ቀን ይዘህ አስቀምጥ።

---

አራብሳ_ብሎክ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ የቀረኝ፦ ወደ ሠላሳ የሚሆኑ እናትና አባቶች ስልካቸው ባለ ቁልፍ ነው። ለእነሱ ኤስኤምኤስ ላስብ? ጽሑፉንም እንዲህ አድርጌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

«ውድ ነዋሪዎቻችን፣ በተያዘው የፈረቃ መርሐ ግብር መሠረት ከብሎክ 40 እስከ 58 ሐሙስ 2:00 ሰዓት ሌሊት ውሃ እንደሚለቀቅ እናሳውቃለን»

---

የአባዶዋ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25

ለሠላሳ ሰው ኤስኤምኤስ ያዋጣል፣ ለ640 አይደለም። ግን በግእዝ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፣ ክፍተትም ይቆጠራል። ካለፈ ይከፈልና እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይሆናል። ያንተ ጽሑፍ ሁለት ተከፍሎ የሁለት ዋጋ ነው የምትከፍለው፣ ማሳወቂያው ላይ ደግሞ በአርባኛው ፊደል፣ «መሠረት ከብሎክ» ላይ ይቆረጣል።

ሰዓቱ ደግሞ ሰው ያጣላል። 2:00 ያልከው ከፎረሙ ሰዓት የተገለበጠ ነው አይደል? በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ነው። «ሐሙስ ሌሊት» ሲባልም አንዱ ረቡዕ አመሻሽቶ የሚነጋውን ይላል፣ ሌላው ሐሙስ የሚመሸውን። ሰርቨሩ በዓለም አቀፍ ሰዓት ከሆነ ቀኑ ራሱ ገና ስላልተቀየረ ስክሪፕቱ የፊተኛውን ቀን ነው የሚጽፈው። ቀንና ሰዓቱን ማሽኑ አይጻፈው፣ ሞደሬተሩ በእጁ ይጻፍ፦

«ውሃ፦ ብሎክ 40-58፣ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት»

54 ፊደል ነው፣ አንድ ኤስኤምኤስ ውስጥ ይገባል። ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ላከው፣ ቲቲኤሉን 43,200 አድርገው።

---

አራብሳ_ብሎክ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

«አጥቢያ»ዋን ወሰድኳት እህቴ። ነገ ማታ በብሎክ 40 ብቻ እሞክረዋለሁ፤ 410 የተመለሰባቸውን ምዝገባዎች ብዛት ዓርብ ጠዋት እዚሁ እለጥፋለሁ።